የጉልበትን መስፈሪያ ከአንዱ ወደ ሌላው ስለ መለወጥ

በአንድ ገበያ አሥር ቁና ተብሎ የተሰፈረ ጤፍ ወደ ሌላ ገበያ ተጭኖ በሄደ ጊዜ በዚያ አገር ቁና ዘጠኝ ወይም አሥራ አንድ ሊሆን ይችላል። የተለወጠው ቍጥሩ ነው እንጂ ጤፉ አይደለም፤ በመንገድ ካልፈሰሰ በቀር አንዲት ፍሬ አልጨመረም፤ አልጐደለምም። ይህን ገበያተኛ ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን በፊዚክስ ትምህርት ጁል፣ ካሎሪ፣ ኪሎዋት ሰዓት የሚባሉት የጉልበት መስፈሪያዎች በመጡ ጊዜ ተማሪው ይህን ያወቀውን ነገር ይረሳዋል። አባዛ ሲሉት ያባዛል፤ አካፍል ሲሉት ያካፍላል፤ ስለ ምን እንደሚያባዛና ስለ ምን እንደሚያካፍል ግን አያስተውልም። ስለዚህ መልሱ አንድ ሺሕ እጥፍ የተሳሳተ ቢሆን እንኳ የሚያስደነግጠው ነገር የለም።

ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሽማግሌ እንደዚህ ያለውን ሥራ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሠራው ኖሯል። በባሕረ ሐሳብ አንድ ዕለት 60 ኬክሮስ ነው፤ በሰዓት ቈጠራ ያው ዕለት 24 ሰዓት ነው። ስለዚህ አንድ ሰዓት ሁለት ኬክሮስ ተኩል፣ አንድ ኬክሮስም 24 ደቂቃ ይሆናል። ዓመቱ 365 ዕለት ከ15 ኬክሮስ ነው ያለ ሰውና ዓመቱ 365 ቀን ከ6 ሰዓት ነው ያለ ሰው ስለ አንድ ነገር ተናገሩ እንጂ አልተጣሉም። እንዲሁም መስፈሪያው ባነሰ ቍጥር ብዛቱ እንደሚበልጥ ከዚሁ ይታያል፤ ኬክሮስ ከሰዓት ያንሳልና በኬክሮስ የተቈጠረው ብዙ፣ በሰዓት የተቈጠረው ጥቂት ነው። ነገር ግን ዕለትን በቁና፣ ጤፍንም በኬክሮስ የሚሰፍር የለም። ከአንዱ መስፈሪያ ወደ ሌላው መለወጥ የሚቻለው ሁለቱ መስፈሪያዎች የሚሰፍሩት ነገር አንድ ዓይነት የሆነ እንደ ሆነ ብቻ ነው። እንግዲህ በእሳት ላይ የሚሞቀው ውሃና ወደ ኮረብታ የሚወጣው ሸክም አንድ ዓይነት ነገር እንዳላቸው በምን ታወቀ? የጉልበት መስፈሪያ ነገር ሁሉ በዚህ ጥያቄ ላይ የቆመ ነው።

አስቀድሞ ግን ስሞቹን መለየት ይገባል። በተራ ንግግር ጉልበትና ኃይል አንድ ሆነው ይነገራሉ፤ በትምህርቱ ግን ይለያያሉ። አንድን ነገር የሚገፋው ወይም የሚስበው ኃይል ይባላል፤ መስፈሪያውም ኒውተን ነው። ኃይሉ ነገሩን ከስፍራው አንሥቶ ወደ ሌላ ስፍራ ባደረሰው ጊዜ ሥራ ተሠራ ይባላል፤ ያን ሥራ ለመሥራት የሚያስችለው ሀብት ደግሞ ጉልበት ይባላል፤ የሥራም የጉልበትም መስፈሪያ ጁል ነው። ሥራው በምን ያህል ፍጥነት እንደ ተሠራ የሚያመለክተው አቅም ይባላል፤ መስፈሪያውም ዋት ነው። አንድ ጁል ማለት የአንድ ኒውተን ኃይል አንድን ነገር አንድ ሜትር በገፋው ጊዜ የተሠራው ሥራ ነው። አንድ ኪሎግራም የሚመዝነውን ዕቃ ምድር በ9.8 ኒውተን ያህል ትስበዋለችና አንድ ኪሎ ጨው ከመሬት አንሥቶ አንድ ሜትር ከፍታ ባለው መደርደሪያ ላይ ለማኖር 9.8 ጁል ያስፈልጋል። ካሎሪ ግን ከዚህ በሌላ መንገድ የመጣ ነው፤ አንድ ግራም ውሃ በሴንቲግሬድ አንድ ዲግሪ እንዲሞቅ የሚያስፈልገው ሙቀት አንድ ካሎሪ ተባለ። በዚህ ትርጓሜ ውስጥ ኃይልም ሜትርም የለም። ሁለቱ መስፈሪያዎች ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ይመስሉ ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ ስለ አውሮፓ ሊቃውንት በሚነገረው ታሪክ ውስጥ ዓመታቱ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው። በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ብዙዎቹ ሊቃውንት ሙቀትን ክብደት እንደሌለው ረቂቅ ፈሳሽ ይቈጥሩት ነበር፤ ስሙንም ካሎሪክ ይሉት ነበር። ሞቃት ነገር ብዙ ካሎሪክ አለው፤ ቀዝቃዛው ጥቂት አለው፤ ሁለቱ በተገናኙ ጊዜ ከብዙው ወደ ጥቂቱ ይፈሳል ይሉ ነበር። በ1798 ዓ.ም. ቤንጃሚን ቶምፕሰን፣ በማዕርግ ስሙ ካውንት ረምፈርድ የሚባለው ሰው፣ ይህን አሳብ የሚያናውጥ ነገር ጻፈ። በባቫርያ አገር በሙኒክ ከተማ መድፍ ሲሠራ ሳለ ነሐሱ በሚበሳበት ጊዜ እጅግ እንደሚሞቅ ተመለከተ። ስለዚህ በደነዘዘ መሰርሰሪያ ነሐሱን በፈረስ እያስዞረ አስፈተገው፤ ዙሪያውንም ውሃ በያዘ ሣጥን ከበበው። ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ ውሃው ያለ እሳት ፈላ። ሙቀት በነሐሱ ውስጥ የተጠራቀመ ፈሳሽ ቢሆን ኖሮ ወጥቶ ባለቀ ነበር፤ ነገር ግን ፈረሱ እስከ ዞረ ድረስ ሙቀቱ መውጣቱን አልተወም።

ሙቀት ከሥራ እንደሚወለድ በዚህ ታየ፤ ከምን ያህል ሥራ ምን ያህል ሙቀት እንደሚወለድ ግን ገና አልታወቀም። ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ማየር በ1842 ዓ.ም. ሁለቱ ቋሚ ልክ እንዳላቸው ጻፈ። ልኩን በፈተና አጥብቆ የመረመረው ግን ጄምስ ጁል ነው። ይህ ሰው በ1818 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር አጠገብ በሳልፎርድ ተወለደ። የቢራ ጠማቂ ልጅ ነበር፤ እርሱም በጠመቃው ቤት ይሠራ ነበር እንጂ የከፍተኛ ትምህርት ቤት መምህር አልነበረም። ምናልባት ይህ ጠቀመው እንጂ አልጐዳውም፤ መጠጥ የሚጠምቅ ሰው የሙቀትን ጥቂት ልዩነት መናቅ አይችልምና።

የጁል ፈተና የገጠር መምህር በቃል ሊያስረዳው የሚችል ቀላል ነገር ነው። ውሃ በተሞላ የመዳብ ዕቃ ውስጥ መቅዘፊያ አቆመ። በመቅዘፊያው ዘንግ ላይ በተጠመጠመው ገመድ ጫፍና ጫፍ ሁለት የእርሳስ ክብደት አንጠለጠለ። ክብደቶቹ ሲወርዱ ዘንጉ ይዞራል፤ መቅዘፊያው ውሃውን እንደ ወተት ይንጠዋል፤ የተናጠውም ውሃ ይሞቃል። የክብደቱ ልክ በሚዛን፣ የወረደበት ከፍታ በክንድና በስንዝር እንደሚለካ ሁሉ በትክክል ይታወቃል፤ የውሃው መሞቅም በሙቀት መለኪያ ይታወቃል። በ1850 ዓ.ም. በታተመው ጽሑፉ እያንዳንዱ ክብደት ከ13 ኪሎ ጥቂት የሚበልጥ ነበር፤ ከ1 ሜትር ከ60 ሳንቲሜትር ያህል ከፍታም 20 ጊዜ እየተመለሰ ወረደ። ይህ ሁሉ ተደክሞ የውሃው ሙቀት የጨመረው በፋረንሃይት መለኪያ ከግማሽ ዲግሪ ጥቂት ያለፈ ብቻ ነበር። ፈተናው በምድር ቤት ውስጥ መደረጉ ስለዚህ ነው፤ የሰው ትንፋሽና የመስኮት ነፋስ እንኳ ልኩን ሊያበላሸው ይችል ነበር።

ከብዙ ድግግሞሽ በኋላ ያገኘው ልክ ይህ ነው፤ አንድ ፓውንድ ውሃ በፋረንሃይት አንድ ዲግሪ ለማሞቅ 772 ፓውንድ የሚመዝን ነገር አንድ ጫማ ሲወርድ የሚሰጠው ሥራ ያስፈልጋል። በ1878 ዓ.ም. እንደ ገና ለክቶ 772.55 አገኘ። በ1889 ዓ.ም. ሞቶ በሴል ከተማ በተቀበረ ጊዜ ይህ ቍጥር በመቃብሩ ድንጋይ ላይ ተቀረጸ፤ እስከ ዛሬም ይነበባል። ቍጥሩን ወደ ዛሬው መስፈሪያ ቢለውጡት አንድ ካሎሪ 4.16 ጁል ያህል ነው ማለት ይሆናል። ዛሬ የታወቀው 4.186 ስለሆነ ልዩነቱ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። የሚደንቀው ግን የቍጥሩ ትክክለኛነት ብቻ አይደለም። ውሃውን በመቅዘፊያ ቢንጡት፣ ዘይትና ባዜቃ ቢንጡ፣ ብረትን በብረት ቢፈትጉ የሚወጣው ልክ እጅግ የተቀራረበ መሆኑ ነው። በብዙ መንገድ ተሂዶ አንድ ቍጥር ከተገኘ የሚሰፈረው ነገር አንድ ነው። ሙቀትና ሥራ የአንድ ጉልበት ሁለት መልክ ሆነው የተገኙት በዚህ ነው፤ ጁልን ወደ ካሎሪ መለወጥም የተፈቀደው ከዚህ በኋላ ነው።

ጁል ይህን በፏፏቴም ሊያየው ወድዶ ነበር። ውሃ ከላይ ወርዶ ከታች ካለው ዐለት ጋር ሲጋጭ የወረደበት ጉልበት ወደ ሙቀት መለወጥ አለበት፤ እንግዲህ የታችኛው ውሃ ከላይኛው ጥቂት መሞቅ ይገባዋል። በ1845 ዓ.ም. በሰሜን አሜሪካ ያለውን የናያጋራን ፏፏቴ አስቦ 160 ጫማ ሲወርድ ውሃው በፋረንሃይት የአንድ ዲግሪ አምስተኛ ያህል ይሞቃል ብሎ ጻፈ። በ1847 ዓ.ም. አግብቶ ከሚስቱ ጋር ወደ አልፕስ ተራራ በሄደ ጊዜም ዊልያም ቶምሰን የሚባለው ሊቅ፣ በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው፣ በመንገድ እንዳገኘውና ረጅም የሙቀት መለኪያ ይዞ እንደ ነበር ተናግሯል። ነገር ግን እዚያ ያለው ፏፏቴ እየተበተነ ጉም ስለሚሆን ልኬቱ አልሆነለትም።

ይህ ሒሳብ በአገራችን ውሃም ይሠራል። ጢስ ዓባይ ወደ 42 ሜትር ያህል ይወርዳል። አንድ ኪሎ ውሃ 42 ሜትር ሲወርድ 9.8 በ42 ሲባዛ 412 ጁል ያህል ይሰጣል፤ ያንኑ አንድ ኪሎ ውሃ በሴንቲግሬድ አንድ ዲግሪ ለማሞቅ 4,186 ጁል ያስፈልጋል። ስለዚህ የታችኛው ውሃ ከላይኛው የሚሞቀው የአንድ ዲግሪ አሥረኛ ያህል ነው። በእጅ ነክቶ ማወቅ አይቻልም፤ በመለኪያ ለመያዝም ያስቸግራል፤ ስለ ምን ቢሉ የሚተንነው ውሃ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ፏፏቴውን ጢስ ብለው የሰየሙት አባቶች የጁልን ችግር አስቀድመው በስሙ ውስጥ አኑረውታል።

አሁን ወደ ሥራው መግባት ይቻላል። መምህሩ በቃሉ ሊይዘው የሚገባው ቍጥር ብዙ አይደለም። አንድ ካሎሪ 4.186 ጁል ነው፤ አንድ ኪሎካሎሪ 1,000 ካሎሪ ስለሆነ 4,186 ጁል ነው፤ አንድ ኪሎዋት ሰዓት 3,600,000 ጁል ነው፤ ይኸውም 860 ኪሎካሎሪ ያህል ነው። ሦስተኛው ቍጥር ከየት እንደ መጣ ተማሪው ራሱ እንዲያገኘው ማድረግ መልካም ነው። አንድ ዋት ማለት በየሰከንዱ አንድ ጁል ነው፤ ኪሎዋት አንድ ሺሕ ዋት ነው፤ ሰዓትም 3,600 ሰከንድ ነው፤ አንድ ሺሕ በ3,600 ሲባዛ 3,600,000 ይሆናል። ይህ ከትርጓሜው የወጣ ስለሆነ ማንም ሊለካው አይገደድም። 4.186 ግን በመጀመሪያ የተገኘው በልኬትና በድካም ነው፤ ማንም ቁጭ ብሎ በማሰብ ብቻ ሊያገኘው አይችልም ነበር።

ለምሳሌ በትምህርት ቤት 5 ሊትር ውሃ ለሻይ ይፈላል እንበል። ውሃው 20 ዲግሪ ሙቀት ነበረው፤ አገሩም ደጋ ስለሆነ በ92 ዲግሪ ይፈላል። ከፍ ባለ አገር ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች እንደሚፈላ ተማሪዎች ሊያውቁት ይገባል፤ የመጽሐፉ 100 ዲግሪ በባሕር ጠረፍ የተለካ ነው። ጭማሪው 72 ዲግሪ ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሆነ፤

5 ኪሎ × 72 ዲግሪ = 360 ኪሎካሎሪ

360 × 4,186 = 1,506,960 ጁል

1,506,960 ÷ 3,600,000 = 0.42 ኪሎዋት ሰዓት ያህል

በየመሥመሩ የመስፈሪያውን ስም መጻፍ ግዴታ ይሁን። ስሙን ሳይጽፍ ቍጥሩን ብቻ የሚያወርድ ልጅ ብርና ሳንቲም ሳይለይ ሒሳብ እንደሚይዝ ነጋዴ ነው። ደግሞ ከማባዛትና ከማካፈል በፊት መልሱ ሊበዛ ነው ወይስ ሊያንስ ብሎ ይጠየቅ። ጁል ከኪሎካሎሪ እጅግ ያነሰ መስፈሪያ ስለሆነ ቍጥሩ መብዛት አለበት፤ ስለዚህ ይባዛል። ኪሎዋት ሰዓት ከጁል እጅግ የበለጠ ስለሆነ ቍጥሩ ማነስ አለበት፤ ስለዚህ ይካፈላል። ይህን አስቀድሞ ያሰበ ተማሪ ሊሳሳት ቢችልም ሺሕ እጥፍ አይሳሳትም።

ከዚህ ላይ አንድ ትልቅ ነገር ተለይቶ መነገር አለበት። የመስፈሪያውን ስም መለወጥ ሌላ ነው፤ ጉልበቱን ራሱን ከአንዱ መልክ ወደ ሌላው መለወጥ ሌላ ነው። ጤፉን በሌላ ቁና መስፈር አንዲት ፍሬ አያጐድልም፤ ጤፉን አስፈጭቶ እንጀራ መጋገር ግን በየደረጃው ያጐድላል። ደረቅ እንጨት አንዱ ኪሎ ሲቃጠል 15,000,000 ጁል ያህል ይሰጣል። ከላይ ለተቈጠረው ሻይ የሚያስፈልገው 1,506,960 ጁል ነውና በሒሳቡ 100 ግራም ያህል እንጨት፣ ማለት አንድ እጅ የማይሞላ ጭራሮ፣ ይበቃል። ይህን ለእናቶች ቢነግሯቸው ይሥቃሉ። በሦስት ጉልቻ ላይ ከእሳቱ ሙቀት ወደ ውሃው የሚገባው ብዙ ጊዜ ከአሥር እጅ አንድ ወይም ጥቂት የሚበልጥ ነው፤ የቀረው ከነፋስ ጋር ይሄዳል፤ ጉልቻውንና ግድግዳውን ያሞቃል። ከአሥር አንዱ ቢገባ የሚፈጀው እንጨት አንድ ኪሎ ነው። ሒሳቡ አልዋሸም፤ ነገር ግን የጠፋው ሙቀት በሒሳቡ ውስጥ አልተጻፈም ነበር። የተሻሻለ ምድጃ የሚጠቅመው በዚህ በኩል ነው፤ የእንጨቱን ጉልበት አይጨምርም፤ የሚባክነውን ይቀንሳል።

ከዚህ የበለጠ ሰውን የሚያሳስት ምሳሌ ደግሞ አለ። አንዲት ሴት ከወንዝ 20 ሊትር ውሃ ተሸክማ 100 ሜትር ከፍታ ብትወጣ በውሃው ላይ የሠራችው ሥራ 20 × 9.8 × 100 = 19,600 ጁል ነው። በ4,186 ቢካፈል 4.7 ኪሎካሎሪ ያህል ይሆናል፤ ይህም በአንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ውስጥ ካለው ሲሦውን እንኳ አይሞላም። ይህን ያሰላ ልጅ ውሃ መቅዳት ቀላል ሥራ ነው ብሎ እናቱን ቢንቅ ጥፋቱ የመምህሩ ነው። በመጀመሪያ ነገር ውሃውን ብቻ ሳይሆን የራሷንም ሰውነት አውጥታዋለች፤ 50 ኪሎ ብትመዝን ሁለቱ አብረው 68,600 ጁል፣ ማለት 16.4 ኪሎካሎሪ ይሆናሉ። ሁለተኛም የሰው ሰውነት ከበላው ጉልበት ወደ ሥራ የሚለውጠው ከአምስት እጅ አንድ ያህል ብቻ ነው፤ የቀረው ሙቀትና ላብ ይሆናል። ስለዚህ ለአቀበቱ ብቻ 82 ኪሎካሎሪ ያህል ታወጣለች። ሦስተኛም በደልዳላ መንገድ ሸክም ይዞ መሄድ፣ ተሸክሞም ቆሞ ወረፋ መጠበቅ፣ በፊዚክስ ትርጓሜ ሸክሙን ከፍ ስላላደረገው ሥራ አይባልም፤ ጡንቻው ግን ጉልበት ይፈጃል። ሥራ የሚለው የፊዚክስ ቃል ከገበሬው ሥራ ከሚለው ቃል የጠበበ መሆኑን ተማሪው ካላወቀ ፊዚክስ ሐሰት ይመስለዋል።

ካሎሪ የሚለው ስም ራሱ ሁለት ትርጓሜ አለው። በምግብ ነገር ሰዎች ካሎሪ ሲሉ ብዙ ጊዜ ኪሎካሎሪ ማለታቸው ነው። በላቲን ፊደል የሚጽፉ ሰዎች ትልቁን ካሎሪ በታላቅ ፊደል፣ ትንሹን በታናሽ ፊደል እየጀመሩ ሊለዩት ይሞክራሉ፤ በግእዝ ፊደል ታላቅና ታናሽ ስለሌለ ይህ መለያ በአማርኛ አይታይም። ስለዚህ በአማርኛ ኪሎካሎሪ ብሎ ሙሉውን መጻፍ ይሻላል። በታሸገ ምግብ ላይ ኪሎጁልና ኪሎካሎሪ ጐን ለጐን ተጽፈው የተገኙ እንደ ሆነ ትልቁ ቍጥር የኪሎጁል ነው፤ ከትንሹም አራት እጥፍ ጥቂት ፈሪ ይበልጣል። ልጆች ባዶውን የብስኩት መጠቅለያ ወደ ክፍል አምጥተው አንዱን በሌላው ቢያካፍሉ የጁልን ቍጥር በገዛ እጃቸው ያገኙታል።

ትንሹም ካሎሪ ቢሆን አንድ ብቻ አይደለም። ውሃ ቀዝቃዛ ሲሆንና ሞቃት ሲሆን አንድ ዲግሪ ለመሞቅ የሚፈልገው ሙቀት በጥቂቱ ይለያያልና አንዳንዱ 4.184፣ ሌላው 4.1868 ጁል አድርጎ ደነገገው። ከቁና ልዩነት ጋር አንድ ነው። ዓለም አቀፉ የመስፈሪያና የሚዛን ጠቅላላ ጉባኤ በ1948 ዓ.ም. በአውሮፓ አቈጣጠር የሙቀት መስፈሪያ ጁል እንዲሆን የወሰነው ይህን ውዝግብ ለመቍረጥ ነው። ለመንደር ትምህርት ቤት ሒሳብ ልዩነቱ ከቁም ነገር አይገባም፤ 4.2 ብሎ ማስላትም ይበቃል። በፈረስ ጉልበትም እንዲሁ ሁለት ፈረሶች አሉ፤ የእንግሊዙ 746 ዋት ያህል፣ የሌላው የአውሮፓ አገር 735.5 ዋት ነው። ስሙ ጉልበት ቢልም የሚለካው አቅምን ነው።

ከስሕተት ሁሉ የሚበዛው ግን ዋትንና ዋት ሰዓትን ማደባለቅ ነው። ዋት ከቧንቧ የሚወርደውን ውሃ ፍጥነት ይመስላል፤ ዋት ሰዓት በእንስራው ውስጥ የተጠራቀመውን ውሃ ይመስላል። ቀጭን ቧንቧም ብዙ ሰዓት ቢወርድ እንስራውን ይሞላል። በየቤቱ ያለው ቈጣሪ የሚቈጥረው ኪሎዋት ሰዓትን ነው እንጂ ኪሎዋትን አይደለም። 60 ዋት የሆነ አምፑል 5 ሰዓት ቢበራ 300 ዋት ሰዓት፣ ማለት 0.3 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ 9 ዋት የሆነው አዲሱ ዓይነት አምፑል በዚያው ሰዓት 45 ዋት ሰዓት ብቻ ይፈጃል። ብዙ ሰዎች ኪሎዋት በሰዓት ይላሉ፤ ይህ አነጋገር መተው ያለበት ነው። በሰዓት ሲባል ለሰዓት ማካፈል ይመስላል፤ ይህ ግን በሰዓት የተባዛ ነው። ኪሎዋት ሰዓት ተብሎ ያለ በ ሊነገር ይገባል።

ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። አቅሙ 5,150 ሜጋዋት ነው ሲባል ማሽኖቹ ሁሉ በሙሉ በዞሩ ጊዜ በየሰከንዱ 5,150,000,000 ጁል ይሰጣሉ ማለት ነው። ዓመቱን ሙሉ ሳያቋርጡ በዚህ ልክ ቢዞሩ 45,000 ጊጋዋት ሰዓት ያህል በወጣ ነበር። በዓመት ይወጣል ተብሎ የታሰበው ግን ከ15,000 ጊጋዋት ሰዓት ጥቂት የሚበልጥ ነው፤ ሲሦ ያህል መሆኑ ነው። ወንዙ በክረምትና በበጋ አንድ አይደለምና ማሽኖቹ ሁሉ ዘወትር በሙሉ የሚዞሩበት ውሃ የለም። ሜጋዋትን ብቻ የሰማ ሰው አብዝቶ ይገምታል፤ ሁለቱን ቍጥሮች አስተያይቶ የሚያነብ ግን ስለ ወንዙም ጭምር ይማራል።

የፀሐይ ብርሃን ዕቃ ለሚገዙ መንደሮች ይህ ነገር የገንዘብ ነገር ነው። ባትሪ በአምፔር ሰዓት ተጽፎ ይሸጣል፤ አምፔር ሰዓት ግን ብቻውን የጉልበት መስፈሪያ አይደለም፤ በቮልት ካልተባዛ ጉልበቱ አይታወቅም። 12 ቮልትና 20 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ 240 ዋት ሰዓት ይይዛል። የስልክ ባትሪ 3.7 ቮልት ሆኖ 4,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ቢጻፍበት፣ ማለት 4 አምፔር ሰዓት ቢሆን፣ የያዘው 14.8 ዋት ሰዓት ብቻ ነው። 4,000 ከ20 ይበልጣል ብሎ ቍጥሩን ብቻ ያየ ሰው ትንሿን ባትሪ በትልቁ ዋጋ ሊገዛ ይችላል።

የአተምን ነገር የሚያጠኑ ሰዎች ኤሌክትሮን ቮልት በሚባል እጅግ ትንሽ መስፈሪያ ይሰፍራሉ፤ አንድ ጁል ከስድስት ቢሊዮን ቢሊዮን በላይ ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ለዚህ ትምህርት ስሙን ማወቅ ይበቃል።

ለክፍል የሚሆን ጥያቄ ይህ ነው። ባለ 20 የፈረስ ጉልበት ወፍጮ በሙሉ አቅሙ 3 ሰዓት ቢፈጭ ስንት ጉልበት ይሰጣል? በእንግሊዙ ፈረስ 20 በ0.746 ሲባዛ 14.9 ኪሎዋት ያህል ነው፤ በ3 ሰዓት ሲባዛ 44.7 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። በ3,600,000 ሲባዛ 161 ሚሊዮን ጁል ያህል፣ ወደ ኪሎካሎሪ ሲለወጥም ከ38,400 ጥቂት የሚበልጥ ነው። አንድ ሰው በቀን 2,400 ኪሎካሎሪ ያህል ይበላል ቢባል ይህ የ16 ሰዎች የአንድ ቀን ምግብ ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ 36 ሚሊዮን ጁል ያህል ስላለው ተማሪው አራት ሊትር ተኩል ይበቃል ብሎ ይመልስ ይሆናል። ያን ጊዜ መምህሩ ባለ ወፍጮውን ጠይቀህ ና ይበለው፤ ሞተሩ ከናፍጣው ጉልበት ሲሦውን ብቻ ወደ ሥራ ቢለውጥ የሚፈጀው አሥራ ሦስት ሊትር ተኩል ያህል ነውና።